ቀለሙ ይለያይ፣ ጠባዩ ይመሳሰል፦ ከሽሮ ሜዳ ቁርጥራጭ የአልጋ ልብስ አሠራር

ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለውን የሐበሻ ቀሚስ ሳያይ አያልፍም። ከስፌት መኪናው ሥር የሚከማቸውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፦ ከእጅጌ የተረፈ ሦስት ማዕዘን፣ ከጥለት ጫፍ የተቆረጠ ስንዝር፣ አንገት ሲወጣለት የወደቀ ግማሽ ክብ። ከዚህ ውስጥ ገሚሱ ትራስ ይሞላበታል ወይም ይወለወልበታል፤ የቀረው ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ይኸው እራፊ ተመርጦና ተገጣጥሞ ቢሰፋ ግን የእንጦጦን ግርጌ ብርድ የሚመክት፣ ለዓመታት የሚያገለግል የአልጋ ልብስ ይወጣዋል።

ሥራው እንግዳ አይደለም። በአገራችን ባረጀ ልብስ ላይ እራፊ እየተደረተ ሲለበስ ኖሯል። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በተራ ስፌት እያያያዙ ካንታ የሚባለውን የአልጋ ልብስ ይሠራሉ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካለቀ የእርሻ ሥራ ልብስ የገጣጠሟቸው የአልጋ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበው ብዙ አድናቆት አግኝተዋል። እነዚህ ሴቶች ጨርቅ ገዝተው አልጀመሩም፤ በእጃቸው ካለው መርጠው ነው የሠሩት።

ቁም ነገሩም ምርጫው ላይ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው «ይሄ ቀለም ከዚያ ጋር ይሄዳል ወይ?» ብሎ ነው። ሥራውን ቶሎ የሚያበላሸው ግን ቀለም ሳይሆን የጨርቁ ጠባይ ነው። አንዱ ሲታጠብ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። አንዱ ይሳባል፣ ሌላው ይተረተራል። ከሁለት እጥበት በኋላ የሚጨማደድና ስፌቱ የሚለቅ አልጋ ልብስ ችግሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ይያዙ፦ ቀለሙ እንደ ልብዎ ይለያይ፤ ውፍረቱ፣ አሸማመኑና የአስተጣጠብ ጠባዩ ግን ይመሳሰል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ደንብ በሥራ የሚያውሉ ናቸው።

1. ቁርጥራጩን በወቅቱ ይሰብስቡ

ልብስ ሰፊዎች ዓመቱን ሙሉ እኩል አይቆርጡም። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል በፊት፣ ደግሞም ከገና እስከ ጥምቀት ሥራ ይበዛባቸዋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ከበዓሉ በፊት የሚወድቀው ቁርጥራጭ ብዙ ነው።

ለቁስቋም ሰው የሚስማማው የጊዜ ሰሌዳ ይህ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይሰብስቡ። ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም ይጠቡና ያድርቁ። በጥቅምት ይቁረጡና ይስፉ። እንዲህ ከሆነ ኅዳር 6፣ የቁስቋም በዓል ሲደርስ፣ የሌሊቱ ብርድ መክበድ በሚጀምርበት ጊዜ፣ አልጋ ልብሱ ዝግጁ ይሆናል።

ልብስ ሰፊውን ሲጠይቁ በሥራው መሀል አያስቸግሩት። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ወይም ማምሻውን ይሂዱ። ባዶ ማዳበሪያ ይዘው «ጋሼ፣ የወደቀውን እዚህ ውስጥ ቢያኖሩልኝ በሳምንቱ መጥቼ እወስዳለሁ» ማለት ይበቃል። ሱቁን ከመጥረግ ስለሚገላግሉት ደስ ብሎት ይሰጥዎታል፤ ዋጋ ቢጠይቅም ተነጋግሮ መስማማት ነው። ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት ግን ከስንዝር ያነሰውን እዚያው ይተዉት። ትንሽ ቅዳጅ ሁሉ አብሮ ከመጣ ከመምረጥ ይልቅ ማከማቸት ይሆናል።

ከሽሮ ሜዳ የሚመጣው አብዛኛው ነጭ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። የቀረውን ከቤት ያሟሉ፦ ኮሌታው ያለቀ የጥጥ ሸሚዝ፣ መሀሉ የሳሳ አንሶላ፣ ልጆች ያደጉበት የጥጥ ቀሚስ። ከሸሚዝ ጀርባውና የእጅጌው ላይኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ክርኑንና አንገቱን ይተዉ።

2. በእጅዎ ይዳስሱ፣ በጠባዩ ይለዩ

አሁን የሰበሰቡትን መሬት ላይ ያፍስሱና ቀለሙን ሳያዩ በመዳሰስ ብቻ ይክፈሉት። አምስት ክምር ይበቃል።

የመጀመሪያው የሸማ ክምር ነው። ፈትልም ይሁን መነን፣ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሁሉ እዚህ ይግባ። የጋሞ ደጋ ልጆች የሆኑት የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሚሸምኑት ይህ ጨርቅ ለስላሳና ሞቃት ነው። ነገር ግን ላላ ብሎ ስለሚሸመን ጠርዙ ይተረተራል፣ ሲታጠብም ይገባል።

ሁለተኛው የፋብሪካ ጥጥ ነው፦ ፖፕሊን፣ አቡጀዲ፣ የሸሚዝና የአንሶላ ጨርቅ። ለጀማሪ ከዚህ የሚመች የለም።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፦ ሽፎን፣ ሳቲን፣ እንዲሁም ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ፖሊስተር። የታተመ ጥለት ከሩቅ ሲያዩት የተሸመነ ይመስላል። ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ በሽመና የገባ ጥለት በጀርባም በኩል የቀለሙ ክር ይታያል፣ የታተመ ግን ጀርባው ይፈዝዛል ወይም ነጭ ይሆናል።

አራተኛው ወፍራሙ ነው፦ ጂንስ፣ ካኪ፣ የኮት ሱፍ።

አምስተኛው የሚሳበው ነው፦ ካናቴራና ሹራብ።

ለአንድ አልጋ ልብስ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ክምር ይጠቀሙ። ጂንስና ካኪ እርስ በርሳቸው ሲገጣጠሙ ጥሩ ምንጣፍና የመቀመጫ ልብስ ይሆናሉ፤ ከሸማ ጋር ግን አይጋቡም። ክብደታቸው ስሱን ጨርቅ እየጎተተ ይቀደዋል። ሽፎንና ካናቴራውን ለትራስ መሙያ ያስቀምጡ።

ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ያላወቁት ቁራጭ ካለ እሳት ይፈርዳል። ከጫፉ አንድ ሁለት ክር ይምዘዙ፣ በመቆንጠጫ ይያዙ፣ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ ሆነው ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነኩት የሚበን ነው። ፖሊስተር ግን እየቀለጠ ይሸበሸብና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል። ሙከራውን ልጆች በሌሉበት፣ ከጨርቅ ክምሩ ርቀው ያድርጉ።

3. ሳይቆርጡ ይጠቡ

ሸማኔው ያወጣውን ጨርቅ ልብስ ሰፊው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታጠብ ስለሚቆርጠው የሚያገኙት ቁራጭ ገና አልገባም። ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቀው ጥላ ውስጥ ያስጡት። መግባት ያለበት አሁን ይግባ፤ ከተሰፋ በኋላ ቢገባ ጎረቤቱን ጨርቅ ይዞ ይጨማደዳል። ትናንሽ ቁራጮች በውኃ ውስጥ እንዳይተረተሩ በነጭ የትራስ ልብስ ውስጥ ከትተው አፉን አስረው ይጠቡ።

ቀጥሎ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ይፈትኑ። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ክር ያለበትን ጥለት ሁሉ ይጠርጥሩ። ቁራጩን አርጥበው በነጭ አቡጀዲ ላይ ያድርጉና በመዳፍዎ ለአንድ ደቂቃ ይጫኑት። ነጩ ላይ ቀለም ከቀረ እንደገና አጥበው ይሞክሩት። በሦስተኛውም ከለቀቀ ያንን ቁራጭ ይተዉት። ጨውና ኮምጣጤ ያቆመዋል ተብሎ ይነገራል፤ በእሱ ተማምነው አንድ ሙሉ ነጭ አልጋ ልብስ አያስበሉ።

ሲተኩሱም ይጠንቀቁ። ወርቃማና ብርማ ክር ያለበት ጥለት በጋለ ካውያ ይኮማተራል። ገልብጠው፣ በላዩ ስስ ጨርቅ አልብሰው፣ በመለስተኛ ሙቀት ይተኩሱት። እንዲህ ያለው ክር ገላን ስለሚቧጭር ፊት በሚነካበት ጫፍ አያስገቡት።

4. ከፈዛዛ እስከ ጥቁር ይደርድሩ

የተመረጠው ጨርቅ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ስለ ቀለም ማሰብ ይቻላል። እዚህም የቀለሙ ስም ሁለተኛ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው መፍዘዙና መጥቆሩ ነው። ቀይና አረንጓዴ እኩል ከጠቆሩ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ፈዛዛ ሰማያዊና ጥቁር ሰማያዊ ደግሞ አንድ ቀለም ሆነው ሳለ ጎልተው ይለያያሉ። ዓይን ቅርጽን የሚያነበው በዚህ ልዩነት ነው።

ሦስት ረድፍ ያውጡ፦ ፈዛዛ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። የቱ ጋ እንደሚገባ የሚያጠራጥር ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዓይንን አጥብቦ ማየት ነው። ሁለተኛው በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቢጫ ነው፤ ደማቅ ቢሆንም በጥቁርና ነጭ ፎቶ ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል። ደማቅ ቀይ ደግሞ ከገመቱት በላይ ይጠቁራል።

ከሽሮ ሜዳ የተሰበሰበ ክምር ሁልጊዜ አንድ ጉድለት አለበት፦ ነጩ ብዙ፣ ጥለቱ ደማቅ፣ መካከለኛው ግን የለም። ነጭና ደማቅ ብቻ ሲሰፋ ዓይን የሚያርፍበት አያገኝም። መካከለኛውን የሚያሟሉት ያረጁት የቤት ልብሶች ናቸው፤ ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ፣ የደበዘዘ የአበባ አንሶላ፣ ፈካ ያለ ግራጫ። በእጥበት ብዛት የደበዘዘ ጨርቅ አዲሱን ከአሮጌው ያስታርቃልና አይናቁት።

ነጩንም አንድ ዓይነት አያድርጉት። የፈትል ነጭ ወደ ክሬም ይጠጋል፤ የአቡጀዲ ነጭ ይበራል፤ ያረጀ ጋቢ ነጭ ወደ ግራጫ ይሄዳል። አንዱን ነጭ ብቻ ይዘው አንድ ቦታ ላይ ሌላ ነጭ ቢያስገቡ የቆሸሸ ይመስላል። ሦስቱንም ከዳር እስከ ዳር ቢያሰራጯቸው ግን ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ይታያል። ይህ ለቀለም ሁሉ ይሠራል፦ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ስህተት ይመስላል፤ ሦስት ቦታ ከታየ አሠራር ይሆናል።

5. በጥለት ይቆጥቡ

ከሽሮ ሜዳ ቁርጥራጭ ውድ የሚባለው ጥለቱ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም መጨመር ያምራል። አይጨምሩ። ጥለት ቀሚስ ላይ የሚያምረው ዙሪያው ነጭ ስለሆነ ነው። ጥለት ከጥለት ጎን ሲሰፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። በየረድፉ አንድ ቁራጭ ይበቃል፤ በቀጣዩ ረድፍም ትክክል ከሥሩ እንዳይውል ያዛውሩት።

አቆራረጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥለቱ ያለበት ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚሸመን ከነጩ ክፍል ይልቅ ይጠነክራል። ስፌቱ በጥለቱ መካከል ካለፈ መርፌው ይቸገራል፣ ስፌቱም ያብጣል። ጥለቱን በቁራጩ መሀል አድርገው ነጩ በሁለቱም በኩል ለስፌት እንዲተርፍ ይቁረጡ።

የመስቀል ምስል ያለበት ጥለት ሲያገኙ የት እንደሚውል አስቀድመው ያስቡ። እግር በሚዘረጋበት ወይም በሚቀመጡበት ቦታ መስቀል መዋሉን የማይወዱ ብዙ ናቸው። ወደ ራስጌ ያድርጉት፤ አለዚያም ለግድግዳ ጌጥ ያስቀምጡት። የሟች ዘመድ ነጠላ ወይም ጋቢ ከሆነም መቀስ ከማንሳትዎ በፊት የቤቱን ትልልቅ ሰዎች ያማክሩ። ከተፈቀደ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ የለም።

6. የአበባና የመስመሩን ልክ ያቀላቅሉ

ክምሩ ሁሉ ትናንሽ አበባ ከሆነ ከሩቅ ብዥ ይላል። ሁሉም ትልልቅ አበባ ከሆነ ደግሞ ይረብሻል። ግማሽ ያህሉን ያለ አበባ ያድርጉት፤ ሸማውና አቡጀዲው ይህን ይሸፍናሉ። የቀረውን ለትናንሽ ነጠብጣብ፣ ለመስመርና ለትልልቅ አበባ ያካፍሉ። ትልቅ አበባ ያለበትን በጥቂቱ፣ መስመር ያለበትን በርከት አድርገው ያስገቡ። መስመር ከጥለት ጋር ዝምድና ስላለው ሸማውንና የፋብሪካውን ጨርቅ ያቀራርባል።

7. ይለኩ፣ ያስሉ፣ ይቁረጡ

ለአንድ ሰው አልጋ 150 በ195 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ልክ ነው። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ሲሰፋ 15 በ15 እንዲሆን 17 በ17 ተደርጎ ይቆረጣል፤ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ይሄዳል። ሸማ ስለሚተረተር ከዚህ አያሳንሱት። ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 13 ረድፍ ሲደረደር ጠቅላላው 130 ቁራጭ ነው። ይህም ብክነቱን ሳይጨምር ወደ 4 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ይፈልጋል።

ለሽሮ ሜዳ ክምር የሚስማማው ክፍፍል 60 ፈዛዛ፣ 45 መካከለኛና 25 ጥቁር ነው። ጥለት ያለባቸው 13ቱ ቁራጮች በጥቁሩ ወይም በመካከለኛው ውስጥ ይቆጠራሉ። ጥቁሩ ከዚህ ከበዛ ነጩ ይዋጣል፤ ካነሰም ሥራው ሁሉ ይፈዝዛል።

በካርቶን 17 በ17 የሆነ ልክ ያዘጋጁ። ካርቶኑን ጨርቁ ላይ ሲያሳርፉ ጎኑ ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትክክል ይሁን። ሰያፍ የተቆረጠ ሸማ ይለጠጣል፤ ሲሰፋም ይጣመማል። ድሩ በዓይን ካልታየ ከጠርዙ አንድ ክር ይምዘዙ፤ ክሩ የወጣበት መስመር መቀሱን በትክክል ይመራል።

ስስ ፈትል ከሆነ፣ ማለትም ወደ ብርሃን ሲያዞሩት መዳፍዎ ጎልቶ ከታየ፣ በጀርባው ተመሳሳይ ልክ ያለው ስስ አቡጀዲ ገበር አድርገው ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ይስፉ። ሸማና ፖፕሊን ጎን ለጎን ሊኖሩ የሚችሉት በዚህ ነው፤ ገበሩ ውፍረታቸውን ያስተካክላል።

8. ሳይሰፉ ያሰናዱ

130ውን ቁራጭ አልጋ ወይም ንጹሕ ወለል ላይ ይደርድሩ። መጀመሪያ ጥቁሮቹን በተራራቁ ቦታዎች ያስቀምጡ፣ ቀጥሎ ጥለቶቹን፣ ከዚያ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ነጩን ይሙሉ። ወንበር ላይ ቆመው ከላይ ፎቶ ያንሱ። ጥቁሮቹ አንድ ጥግ ከተሰበሰቡ፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ ከተጎራበተ ወይም ዓይንዎ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ከሄደ ያንን ቁራጭ ያዛውሩ። እንዲሁ አድሮ ጠዋት እንደገና ቢያዩት ይመረጣል። ሲረኩ ረድፎቹን በቁጥር ምልክት አድርገው ለየብቻ ይሰብስቡ።

9. ይገጣጥሙ፣ ይሙሉ፣ ይቀምቅሙ

ከዚህ በኋላ ያለው ስፌት ቀላል ነው። መጀመሪያ 10ሩን የየረድፉን ቁራጭ፣ ቀጥሎ 13ቱን ረድፍ ይስፉ። የስፌቱን ትርፍ በአንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በቀጣዩ ወደ ግራ ቢተኩሱት መገጣጠሚያው አያብጥም።

ለመሀሉ ያረጀ ጋቢ የሚወዳደረው የለም። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ይሞቃል፣ ብዙ ጊዜ ስለታጠበም ከእንግዲህ አይገባም። የተቀደደ ቦታ ካለው ቀድመው ይጣፉት። ካልበቃ ሌላ ቁራጭ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ያያይዙ፤ ከደረቡት ጉብታ ይሆናል። ጀርባው የጥጥ አንሶላ ይሁን፤ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲተርፍ 160 በ205 አድርገው ይቁረጡት።

ሦስቱን ደራርበው በመርፌ ቁልፍ ከያዙ በኋላ በወፍራም የጥጥ ክር አራት ቁራጮች በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ ወግተው ቋጠሮ ያድርጉ። ትዕግሥት ያለው ሰው በቋጠሮው ፋንታ እንደ ካንታ ሠሪዎቹ ከዳር እስከ ዳር በተራ ስፌት ይስፋው፤ ላረጀ ነጠላ በተለይ ይህ ይሻላል፣ ሸክሙን ለብዙ ስፌት ስለሚያካፍል ጨርቁ አይቀደድም። ዙሪያውን ለመቀምቀም 8 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የጥጥ ጥብጣብ ያስፈልጋል። ጠርዙ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያልቅና ስለሚቆሽሽ ለዚህ ጠንካራና ጠቆር ያለ ጨርቅ ይምረጡ።

ችግር ሲገጥም

ሥራው የደበዘዘ ከመሰለ ቀለም አይጨምሩ፤ ጥቁሩን ጥቂት ከፍ ያድርጉ። ከተዘበራረቀ ጥለቱን ቀንሰው በነጭ ይተኩ። አንድ ቁራጭ ከታጠበ በኋላ ከተተረተረ ሌላ እራፊ በላዩ ጥፈው ይዝጉት፤ እንዲህ ያለ አልጋ ልብስ መጣፍን ይቀበላል። ሲያጥቡት ለብ ባለ ውኃ፣ ያለ በረኪና፣ ዘርግተው በማስጣት ይሁን።

130 ቁራጭ ከከበደዎት በ9 ቁራጭ የትራስ ልብስ ይጀምሩ፤ ጨርቅ መለየትን፣ ማጠብንና ጥቁሩን ከፈዛዛው ማመዛዘንን ያው ያስተምራል። ዘንድሮ ከእንቁጣጣሽ በፊት አንድ ማዳበሪያ ይዘው ወደ ሽሮ ሜዳ ይውረዱ። ቀለሙን ሳይፈሩ ይቀላቅሉ፤ ያልታጠበ፣ የሚሳብና ከጎረቤቱ የከበደ ጨርቅ ግን ምንም ቢያምር አያስገቡ።